ስድስት ወር ናይሮቢ በኤምፔሳ፦ የአንዲት ኢንተርን የሽልንግ ሒሳብ

የመጀመሪያው መልእክት እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። ናይሮቢ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጣ ነው። ሩዋካ በሚባል ሰፈር መንገድ ዳር ካለች ኪባንዳ ሁለት ቻፓቲና አንድ ሻይ ወስጄ በኤምፔሳ፣ ማለትም በስልክ ገንዘብ መላኪያና መክፈያው፣ 60 ሽልንግ ከፈልኩ። ኪባንዳ በቆርቆሮና በእንጨት የተሠራች ትንሽ ምግብ ቤት ናት። ቻፓቲዋ ገና ከምጣዱ እየወጣች ታቃጥል ነበር። ስልኬ ነዘረ። መልእክቱ ስንት እንደከፈልኩ፣ ለማን እንደከፈልኩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የቀረኝን ሒሳብና የተቆረጠብኝን የአገልግሎት ክፍያ አንድ ላይ ይናገራል። የተቆረጠብኝ ዜሮ ነው። የቀረኝ ግን እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል።

ስድስት ወር ሙሉ በጀቴን የያዘልኝ ይሄ መልእክት ነው።

ከናይሮቢ የተመለስኩት በ2017 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ "ለኢንተርንሺፕ ስንት ብር ይዤ ልሂድ?" ብለው የጠየቁኝ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፤ እዚህም እጽፈዋለሁ። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይረዳቸውም። እዚያ አገር ገንዘብ በምን በኩል እንደሚገባና እንደሚወጣ ካላወቁ፣ የያዙት ቢበዛም ያልቃል። ናይሮቢ ላይ ያ መንገድ ኤምፔሳ ነው። ስለዚህ በደንብ ልገምግመው።

መጀመሪያ ግን ለሽልንግ ይሄን ያህል ለምን እንደምጠነቀቅ ልንገራችሁ።

ኢንተርንሺፑን ያመለከትኩት በ2016 ግንቦት፣ ሐዋሳ ቤታችን ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በኬንያ ደግሞ አንድ ዶላር ወደ 130 ሽልንግ ይመነዘራል። ስለዚህ አንድ ብር ከሁለት ሽልንግ በላይ ያወጣል። ደብተር አወጣሁና የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ ብዬ ሁሉንም በብር ጻፍኩ። አባዬ ጡረታ ላይ ነው። ለእኔ ብሎ ያስቀመጠው 70 ሺሕ ብር ነበር። ከ150 ሺሕ ሽልንግ በላይ ይሆናል ማለት ነው። እፎይ ብዬ ደብተሩን ዘጋሁት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በ2017 የካቲት ልሄድ ስነሳ ዶላር ከ125 ብር አልፏል። ሽልንጉ 129 ላይ ረግቶ ተቀምጧል። ብርና ሽልንግ አንድ ለአንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። የአባዬ 70 ሺሕ ብር 550 ዶላር ገደማ ገዛ። ሲመነዘር 70 ሺሕ 900 ሽልንግ ሆነ። ገንዘቡ ያው ነው፤ አባዬም ያው ነው። ግን የያዝኩት ከግማሽ በታች ወረደ። ያን ቀን አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ደብተሩን ገልብጦ አየና "በይ እንግዲህ በእነሱ ገንዘብ እንደገና ጻፊው" አለኝ። ሁሉንም በሽልንግ እንደገና ጻፍኩት። ማንኛችሁም ውጭ ልትሄዱ ስታስቡ በጀታችሁን በምታወጡበት ገንዘብ ጻፉ። ብሩን የምታስገቡት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ስትመነዝሩ።

የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ከሐዋሳ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ደግሞ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ። ለኬንያው መንገድ 3,000 ሽልንግ ከፈልኩ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሄደን ጠዋት ገባን።

የስልክ መስመር ያወጣሁት በማግስቱ ነው። የውጭ አገር ሰው በፓስፖርቱ ይመዘገባል። ዋናውን ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶ ኮፒ ይዞ መሄድ ቀን ማባከን ነው። ሲም ካርዱ ላይ ኤምፔሳው ይከፈትና የራሳችሁን የሚስጥር ቁጥር ታስገባላችሁ። ዶላሬን ምንዛሬ ቤት ቀየርኩ። ለቀብዱ የሚሆነውን በጥሬው አስቀርቼ የቀረውን አረንጓዴ ቀለም የተቀባች የወኪል ሱቅ ውስጥ ገንዘቡን ሰጥቼ ስልኬ ላይ አስገባሁ። ማስገባት በነፃ ነው። አረንጓዴዋ ሱቅ በየመቶ ሜትሩ አለች ብል ማጋነን አይሆንም። ፔሳ በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው፤ ኤሟ ሞባይልን ነው የምትወክለው። ኬንያ ውስጥ የተጀመረው በፈረንጆች 2007 ነው። እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ እያለሁ ኬንያውያን በስልክ ገንዘብ ይላላኩ ነበር። ይሄ ዕድሜው መንገድ ላይ ይታያል። አትክልት ሻጯ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የሞተር ነጂው፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ፣ ሁሉም ጋ ያስኬዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኤምፔሳ ላይ ገንዘብ የሚወጣበት በር ብዙ ነው፤ የየበሩም ዋጋ ይለያያል። እኔ ይሄን የተረዳሁት ከአንድ ወር በኋላ ነው። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን እወቁት።

አንደኛው ቲል ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ ቁጥር ይለጠፋል፤ ቁጥሩን አስገብታችሁ ትከፍላላችሁ። ከፋዩ ምንም አይቆረጥበትም። ሁለተኛው ፔይቢል ነው። መብራት፣ ውኃ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የመሳሰለው በዚህ ይሄዳል። አንዳንዱ ከከፋዩ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ አይቆርጥም። ሦስተኛው ለሰው ስልክ ቁጥር መላክ ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ እስከ 100 ሽልንግ በነፃ ነው። ከ101 እስከ 500 ድረስ 7 ሽልንግ። እስከ 1,000 ድረስ 13። እስከ 1,500 ድረስ 23። እስከ 2,500 ድረስ 33። እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። አራተኛው ከወኪል ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። 150 ሽልንግ ብታወጡም 29 ሽልንግ ነው፤ 2,500 ብታወጡም 29 ሽልንግ ነው።

እኔ የመጀመሪያው ወር ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው ያወጣሁት። ጥሬ ገንዘብ እጄ ላይ ካለ አጠፋዋለሁ ብዬ ስለፈራሁ 300፣ 500 እያልኩ ነበር። ቁጠባ መስሎኝ ነበር። አሥራ ሁለት ጊዜ 29፣ 348 ሽልንግ ሆነ። ለምሳ ለሻጯ ስልክ እየላክሁ አሥራ አራት ጊዜ 7፣ ሌላ 98። ከበድ ያሉ ሁለት መላኮች በ33፣ 66። የቤት ኪራዩን በአንዴ በመላኬ 100። ድምሩ 612 ሽልንግ። አንድ ቻፓቲ 20 ሽልንግ በሆነበት ሰፈር 612 ሽልንግ ማለት ሠላሳ ቻፓቲ ነው። ማንም አልሰረቀኝም፣ ማንም አላታለለኝም። ታሪፉ በግልጽ የተጻፈ ነው። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ቀየርኩ። ጥሬ ገንዘብ ካወጣሁ 2,500 አወጣለሁ፤ በወር ሦስት ጊዜ ብቻ። ምሳ የምበላበትን ቦታ ቲል ያለው መረጥኩ። ቲል ከሌለ ደግሞ የምሳውን 150 ሽልንግ 100 እና 50 አድርጌ ሁለት ጊዜ እልካለሁ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ይሄን ያስተማረችኝ አብራኝ የምትኖረው የኪሱሙ ከተማ ልጅ ናት። ቶይ ገበያ ሹራብ ስገዛም እንደዚሁ አደረግሁ። ሐምሌ ናይሮቢ ብርድ ነው፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። ቶይ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ገበያ ነው፤ እነሱ ሚቱምባ ይሉታል። 250 ሽልንግ የተስማማንበትን ወፍራም ሹራብ 100፣ 100፣ 50 አድርጌ ስልክለት ሻጩ ምንም አልመሰለውም። የለመደው ነገር ነው። በሁለተኛው ወር የተቆረጠብኝ 215 ሽልንግ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የወሩን ሒሳብ ልንገራችሁ። የኢንተርንሺፑ አበል 40 ሺሕ ሽልንግ ነበር። ቢሮው ጊጊሪ አካባቢ ነው። ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ግቢና የኤምባሲዎች ሰፈር ስለሆነ ቤቱ አይቀመስም። ሩዋካ ግን በሊሙሩ መንገድ ትንሽ አለፍ ብላ፣ ኪያምቡ ካውንቲ ውስጥ ናት። በማታቱ፣ በእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ ቶሎ ይደረሳል። አዳዲስ ፎቆች ሞልተውባታል። ሁለት መኝታ ቤት ያለውን ለሁለት ተካፍለን በወር 14 ሺሕ ደረሰኝ። ማታቱ ደርሶ መልስ 120 ሽልንግ፣ በሃያ ሁለት የሥራ ቀን 2,640። ምሳ በ150፣ 3,300። ምሳው አብዛኛውን ጊዜ ጊተሪ ነው፤ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ። ሆድ ይይዛል፣ እስከ ማታ ያቆያል። የቤት ምግብ 7,000። መብራት፣ ውኃና ጋዝ በድርሻዬ 1,800። ኢንተርኔትና ስልክ 2,000። ሳሙናና የመሳሰለው 1,500። ለእሁድ 3,000። የኤምፔሳ ተቆራጭ ሲጨመር የመጀመሪያው ወር 35,852 ሆነ፤ ሁለተኛው 35,455።

የእሁዱን 3,000 ብዙ ሰው "ቁረጪው" ይለኛል። አልቆረጥኩትም፤ እናንተም አትቁረጡት። እሁድ እሁድ ኢስሊ ሄጄ እንጀራ እገዛ ነበር። ኢስሊ የሱማሌዎችና የእኛ ሰዎች የንግድ ሰፈር ነው። አማርኛም ኦሮምኛም እየሰማችሁ ትገበያያላችሁ። የምገዛበት ቤት ሴትዮዋ "የኔ ልጅ፣ ከስተሻል እኮ" ትለኝና አንድ እንጀራ ትመርቅልኛለች። ከሳምንቱ ሁሉ ያቺን ሰዓት ነው የምጠብቀው። ሰው በብቸኝነት ሲከፋው ከ3,000 በላይ ያጠፋል፤ እኔ መጀመሪያው ሳምንት ላይ አይቼዋለሁ።

ለእኔ የኤምፔሳ ትልቁ ጥቅም እሁድ ማታ ነው የሚታየው። አፑ ላይ ገብታችሁ የምትፈልጉትን ቀን መርጣችሁ የሒሳብ መግለጫ ታወርዳላችሁ። የሚከፈተው በአጭር መልእክት በሚላክላችሁ ኮድ ነው። ሳምንቱ ሙሉ እዚያ አለ። ማክሰኞ ማታ የገዛሁት ወተት፣ ሐሙስ ዝናብ ሲይዘኝ የተሳፈርኩበት ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር፣ ዓርብ ከባልደረቦቼ ጋር የጠጣሁት ጁስ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሻይ ታፈላለች። እኔ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። እሷ የእሷን፣ እኔ የእኔን ጮክ ብለን እናነባለን። አንድ እሁድ "ቦዳ፣ ቦዳ፣ ቦዳ" ብዬ በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ አነበብኩ። አንዱ 100 ሽልንግ ነው። 500 ሽልንግ ሞተር ላይ አውጥቻለሁ። በማግስቱ ከቤት አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሜ መውጣት ጀመርኩ። ጥሬ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ያቺ 500 የት እንደገባች አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ወር ልመለስ።

የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ስከፍል የአንድ ወር ቀብድ ጠየቁ፤ 14 ሺሕ። ፍራሽና አንሶላ 6,500። ከወሩ ወጪ ጋር 56,352 ሽልንግ ወጣ። መንገዱ ሲቀነስ 11,500 ገደማ ቀረኝ። ግድ የለም፣ በወሩ መጨረሻ አበሉ ይገባል ብዬ ነበር። አልገባም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እየተባለ አሥራ ሰባት ቀን ዘገየ። ኪራዩ ግን አይዘገይም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ የእኔንም ጨምራ ከፈለችልኝ። ካወቀችኝ ገና አንድ ወር ነው። ያን ውለታ በሒሳብ ደብተር ላይ የምጽፍበት ቦታ የለኝም።

በዚያ አሥራ ሰባት ቀን ያቆየችኝ ማማ ምቦጋ ናት። አትክልት ሻጮቹን እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው። የእኛዋ ከፎቃችን ሥር፣ ዣንጥላ ተክላ ትቀመጣለች። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን አለ። ቃሉ በስዋሂሊ "ሳምንቱን ግፋው" እንደማለት ነው። ደመወዝ እስኪመጣ ሳምንቱን የሚያሻግር ምግብ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ቅጠል ትደራርብና እንደ ጥቅልል ብራና ትጠቀልለዋለች። ከዚያ በቀጭኗ ቢላዋ ትከትፈዋለች። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ እጇ ብቻ ይሄዳል። እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። ኬንያ ፌስታል ከከለከለች ቆይታለች፤ በ2017 የፈረንጆች ዓመት ነው። ስለዚህ የራሴን የጨርቅ ቦርሳ ይዤ እወርዳለሁ። 20 ሽልንግ ሱኩማ፣ 20 ሽልንግ ቲማቲም፣ 10 ሽልንግ ሽንኩርት። ከገንፎ ጠንከር ካለው ኡጋሊ ጋር ለሁለት ሰው እራት ይሆናል። አንድ ማታ ስልኬን ሳወጣ "ተዪው ዳዳ፣ ነገ ትሰጪኛለሽ" አለችኝ። ዳዳ እህቴ ማለት ነው። ማንም ሳይነግራት ገብቷት ነበር። በነጋታው ላኩላት። ከዚያ በኋላም አንዳንዴ በዱቤ ወስጃለሁ፤ አንድም ቀን አልጻፈችብኝም።

ከዚያ ወር የተማርኩት ይሄ ነው። ድምሩ ይበቃ ነበር፤ ቀኑ ነው ያልበቃው። "ስንት ይበቃል?" ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይመጣል። አበል የሚከፈላችሁ ቢሆንም የሁለት ወር ወጪ ይዛችሁ ግቡ። በእኔ ሒሳብ የመጀመሪያው ወር 56 ሺሕ፣ ሁለተኛው 35 ሺሕ፣ ከመንገዱ ጋር 95 ሺሕ ሽልንግ ነው። ያኔ በነበረው ምንዛሬ 740 ዶላር ገደማ። እኔ የሄድኩት በ550 ነው። ልዩነቱን የሞላልኝ የሰው ደግነት ነው፤ እሱን በጀት ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ስለ ስህተትም ልናገር። ግንቦት ላይ 1,200 ሽልንግ ለማላውቀው ሰው ላክሁ። አንዷን ቁጥር ከ9 ይልቅ 6 ነካሁ። ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል፤ ደክሞኝ ስለነበር ሳላነበው አለፍኩ። ልቤ ዱብ አለ። ባልደረባዬ ስልኬን ተቀበለኝና መልእክቱን ወደ 456 አስተላለፈው። ሌላ ምንም አላደረገም። ገንዘቡ ተቀባዩ ጋ ሳይወጣ ከቆየ ይመለሳል፤ የእኔም ተመለሰልኝ። የተቀባዩን ስም ማንበብ ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም። አንብቡት። 456ንም ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ሌላ መጠንቀቂያ። "በስህተት ገንዘብ ልኬልሻለሁ፣ እባክሽ መልሽልኝ" ብሎ የሚደውል ሰው አይጠፋም። ከመደወሉ በፊት ልክ የኤምፔሳን የሚመስል መልእክት ይልካል። እኔ ጋ ሁለቴ ተደውሏል። መልእክቱ ከግል ስልክ ቁጥር ከመጣ ውሸት ነው። እርግጠኛ ለመሆን *334# ደውላችሁ ሒሳባችሁን እዩ። ካልጨመረ ማንም ምንም አልላከላችሁም። እውነት ተሳስቶ ከሆነም መመለሻው በ456 ነው፤ እናንተ መልሳችሁ መላክ የለባችሁም። የሚስጥር ቁጥራችሁን ደግሞ ለማንም፣ ከድርጅቱ ነኝ ለሚላችሁም ጭምር አትንገሩ።

ፉሊዛ የሚባል ነገርም አለ። ሒሳባችሁ ላይ ያለው ሳይበቃ ሲቀር ጎደሎውን አበድሮ ክፍያውን የሚያስፈጽም አገልግሎት ነው። መግቢያ ይቆርጣል፣ ከዚያ በየቀኑ ይቆጥራል። ገንዘብ ሲገባላችሁ ቀድሞ ዕዳውን ይወስዳል። ብዙ ኬንያውያን ይጠቀሙበታል፤ ለድንገተኛ ሕመም የደረሰላቸውንም አውቃለሁ። እኔ አልገባሁበትም። አብሮኝ ኢንተርን የነበረ የናይሮቢ ልጅ አበሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነበው መልእክት ስንት እንደተወሰደበት ነበር። ፊቱን አይቼ ነው የወሰንኩት። የስድስት ወር እንግዳ ከሆናችሁ ዕዳ ሳይኖርባችሁ ውጡ።

ከእኛ ጋር ላወዳድረው። ቴሌብርን ከወጣበት ከ2013 ጀምሮ እጠቀማለሁ። ኤምፔሳም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አገራችን ገብቷል። ሁለቱም ስልኬ ላይ አሉ፤ ጥሩ ናቸው። ልዩነቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ሐዋሳ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ጋ ሄጄ "በስልክ ልክፈል?" ብል አሁንም ብዙዎቹ "ብር የለሽም ወይ?" ይሉኛል። ናይሮቢ ላይ ጥያቄው የለም። ሁሉም በስልክ ስለሚከፈል ሁሉም ይመዘገባል። ወጪዬ ሳንቲም ሳይቀር ተጽፎ ያየሁት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው። በጀት መያዝ የቻልኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ መዝገቡ በየቀኑ እየመጣልኝ ስለነበር ነው።

የማልወድለት አንድ ነገር አለ። የማውጫው ታሪፍ ትንሽ በሚያወጣ ሰው ላይ ይከብዳል። 150 ለማውጣት 29 መክፈል ለእኔ የወር ትምህርት ሆኖ አለፈ። ለቀን ሠራተኛ ግን በየቀኑ ነው። እስከ 100 ሽልንግ መላክ በነፃ መሆኑ እጅግ ጥሩ ነው፤ ማውጣቱም ለትንንሹ ገንዘብ እንደዚያ ቢሆን ምኞቴ ነው።

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የያዝኩት ለዚያችው ለ29 ሽልንግ ነው።

ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ስትመለሱ ሲም ካርዱን ለሚተካችሁ ልጅ አትስጡ። በፓስፖርታችሁ የተመዘገበ ነው፤ በስማችሁ የሚሆነው ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል። እሱ በራሱ ፓስፖርት ያውጣ። ቀብዱን ቤቱን ከመልቀቃችሁ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። የእኔ የተመለሰው አውቶቡስ ልሳፈር አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው። ወዲያው መጀመሪያ ያደረግሁት ለአባዬ የሚሆን ብርድ የሚችል ጃኬት ከቶይ መግዛት ነበር። ከዚያ ወደ ፎቃችን ሥር ወረድኩ። 40 ሽልንግ የቲማቲም ዕዳ ነበረብኝ። ከፈልኳትና መሄዴን ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ተነስታ አቀፈችኝ። የጨርቅ ቦርሳዬን ተቀብላ አራት ብርቱካን ከተተችበት። ልከፍላት ስልኬን ሳወጣ በእጇ ሸፈነችው።